ማዚዌ ጥላ በነበራት ጊዜ

ሳውዳ ፓንጋኒ የገባችው በዒድ ዋዜማ ነበር። ከሞሮጎሮ ተነስታ ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ስትንገላታ ውላ፣ የአክስቷ ልጅ የምዊንጁማ ደጃፍ ላይ ስትደርስ እግሯ ከማበጡ የተነሳ ጫማዋን በእጇ ይዛ ነበር። አባቷን ከቀበረች ወዲህ እግሯ ይህን ከተማ ረግጦት አያውቅም። መጀመሪያ ማስተማሩ ያዛት፤ ቀጥሎ የልጆቿ ነገር፣ ከዚያ የባሏ ሕመም፣ ከዚያም ሞቱ። ጡረታ ወጥታ ለብቻዋ ሻይ ማፍላት በለመደች በዓመቱ የምዊንጁማ ሚስት ሂዳያ ደወለችና «አንቺ፣ ሞተሽ ከሆነ ንገሪንና እናልቅስ፤ ካልሞትሽ ደግሞ ዒድን እኛ ጋ ዋዪ» አለቻት። ሳውዳ ከት ብላ ሳቀችና ያኑ ቀን ሻንጣዋን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረደች።

የመጀመሪያው የዒድ ቀን በሶላት፣ በዘመድ ጥየቃና በመብላት አለቀ። ማግስቱ ግን ሥራ የሌለው፣ እንግዳ የማይጠበቅበት ቀን ነው። ሰው ሁሉ አዲስ ልብሱን እንደለበሰ ወደ ወንዙና ወደ ባሕሩ ዳር ይወጣል።

«እኔ ዛሬ እሳት አላነድም» አለች ሂዳያ ጠዋት ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ሳለ። «የትናንቱን የሩዝ ፒላው ከነድስቱ ይዘን እንወጣለን። የሚበላ ይብላ፤ የማይበላ ባሕሩን ይጠጣ።»

«ሰማሽ ሳውዳ?» አለ ምዊንጁማ። «አንቺን አግብቼ ቢሆን ኖሮ በዒድ ማግስት የአደረ አልበላም ነበር።»

«እኔን አግብተህ ቢሆን ድስቱንም አታገኘውም። ጠመኔ ነበር የማበላህ።»

«ውሰጂው እቴ!» አለች ሂዳያ። «ወላሂ ምርቃት ጨምሬ ነው የምሰጥሽ። ጥርሱ ግማሹ የለም፣ ከኮኮናት ዛፍ ከወደቀ ወዲህ ቀኝ ትከሻው አይታዘዘውም፣ ሲያንኮራፋ የጎረቤት ዶሮ ያስነሳል። ሌላው ሁሉ ደህና ነው።»

በዚያ አገር የአክስትና የአጎት ልጆች ሲገናኙ መዘላለፍ ወግ ነው፤ ዝም ቢባባሉ ነው ሰው የተጣሉ የሚመስለው። ሳውዳና ምዊንጁማ ደግሞ በአንድ ዓመት ተወልደው፣ በአንድ ግቢ ያደጉ ናቸው። ሽማግሌዎቹ አንድ ሰሞን ሊያጋቧቸው አስበው ነበር፤ እሷ ግን መምህራን ማሠልጠኛ ገባችና ነገሩ ሳይነሳ ቀረ።

«እሺ ወዴት እንሂድ?» ሲል ጠየቃት። «ማዶ እንሻገር ወይስ እዚሁ ከተማው ዳር?»

«ማዚዌ ደሴት» አለች ሳውዳ።

ምዊንጁማ ጥርሱን ይጎረጉርበት የነበረውን ስንጥር ከአፉ አወጣ። «ማዚዌ ምን አለ ብለሽ? ዛፎቹ እንደሌሉ ታውቂያለሽ አይደል?»

«ሰምቻለሁ። አይቼ ግን አላውቅም።»

«የሚታይ ነገር የለም እኮ። አሸዋ ነው። ያውም ባሕሩ ሲጎድል ብቻ የሚታይ አሸዋ።»

«እሱኑ ልየዋ።»

ሂዳያ ባሏንና እንግዳዋን እያፈራረቀች አየችና ተነሳች። «እንግዲህ እኔም ልሰጥም ነው» አለች። «ቆይ የሚሰጥም ልብስ ልልበስ።»

ውሃው እስኪጎድል ጊዜ ስለነበራቸው በከተማው ዞር ዞር አሉ። ፀሐይዋ ገና አልከረረችም። በረንዳዎቻቸው የጎበጡት የድሮ የህንድ ነጋዴዎች ቤቶች ሥር ሕፃናት በአዲስ ልብስ ተኮልኩለው ከረሜላቸውን ያወዳድራሉ። አንዷ ልጅ አንድ እግር ጫማዋ ጠፍቶባት በሌላው እየዘለለች ታለቅሳለች። ሳውዳ በየማዕዘኑ ቆም ትላለች። እዚህ ጋ ሐልዋ የሚሸጥ ሽማግሌ ነበር፤ ሐልዋውን በሙዝ ቅጠል ጠቅልሎ ሲሰጥ ጣቱን የሚልስ። እዚያ ጋ የኮኮናት ዘይት የሚጨመቅበት መጋዘን ነበር፤ ጠረኑ እስከ መስጊዱ ይደርስ ነበር። አሁን ሐልዋው ቤት ስልክ ይሸጣል፤ መጋዘኑም ጣሪያ የለው፣ ውስጡ የበለስ ዛፍ አድጎበታል።

የአባቷ ቤት ግን ቆሟል። የገዛው ሰው ግንቡን አረንጓዴ ቀብቶ ከፊቱ የሞተር ብስክሌት መጠገኛ ከፍቶበታል። ሳውዳ ከመንገዱ ማዶ ቆማ አየችው። ከበሩ በስተቀኝ፣ አሁን የተሰባበረ ጎማ በተከመረበት ቦታ፣ አባቷ ሼኩዌ የጀልባውን ሸራ ዘርግቶ እየሰፋ ይዘፍን ነበር። ድምፁ ክፉ ነበር፤ እናቷ ከውስጥ «ኧረ ሸራው ይቀደድብሃል!» ትለው ነበር።

«ልግባና ላስፈቅድልሽ?» አለ ምዊንጁማ።

«ተወው። ውስጡንማ አውቀዋለሁ።»

መንገድ ላይ የሚያልፉ ሰዎች ምዊንጁማንና ሂዳያን «ዒድ ሙባረክ» እያሉ ሰላም ይላሉ፤ ለእሷም ለእንግዳ የሚሰጠውን የጨዋ ሰላምታ ይሰጧታል። ማንም አላወቃትም። ነገሩን እንደ ቀልድ ልታልፈው ሞከረች፤ ግን አልሆነላትም።

ሦስት ሰዓት ገደማ የምዊንጁማ ጀልባ ላይ ወጡ። ግራና ቀኝ ክንፍ የመሰለ እንጨት የተዘረጋላት፣ ከኋላዋ ትንሽ ሞተር የተገጠመላት ጠባብ ጀልባ ናት። ቡናማው የወንዝ ውሃ ከአረንጓዴው ባሕር ጋር የሚጋፋበት ቦታ ሲደርሱ ጀልባዋ ዘለለች። ሂዳያ ድስቱን በሁለት እጇ አቅፋ «ያ አላህ፣ ለእኔ ባትል ለፒላው ብለህ» አለች። አርባ ዓመት ከባሕር ሰው ጋር ኖራ መዋኘት አትችልም፤ ከጉልበቷ በላይ የሆነ ውሃ ውስጥ ገብታም አታውቅም። ሳውዳ ግን ፊቷን ለነፋሱ ሰጥታ፣ ሻሿ ወደ ኋላ እየተንቀለቀለ፣ የሚረጨውን ጨው ከከንፈሯ ትልስ ነበር።

ልጅ ሳሉ የዒድ ማግስት ማለት ማዚዌ ማለት ነበር። የአባቷ ትልቁ ባለ ሸራ ጀልባ አክስቶቹን፣ አጎቶቹን፣ ከበሮውን፣ እግራቸው የታሰሩ ዶሮዎችን፣ ድስቱንና ሕፃናቱን ጭኖ ይነሳል። እናቷ የኮሮግዌ ሰው ናት፤ የተራራ ልጅ። ባሕር ትፈራለች። መንገዱን ሁሉ ዓይኗን ጨፍና ሄዳ ደሴቲቱ ላይ ስትወርድ ቀጥ ብላ ትልቁ የሸውሸዌ ዛፍ ሥር ትቀመጣለች፤ ጀርባዋን ለውሃው ሰጥታ። ደሴቲቱ መሃሏን ሸውሸዌ ለብሳ ነበር፤ መሬቱ የረገፈው ቅጠል ተነጥፎበት እንደ ፍራሽ ይለሰልሳል። ነፋሱ በዛፎቹ ውስጥ ሲያልፍ ሹ… ይላል። «የአገሬ ዝናብ» ትል ነበር እናቷ። «ዝም በሉና አድምጡ፤ ኮሮግዌ እየዘነበ ነው።» ፓንጋኒ በኖረችበት ዘመን ሁሉ ሳውዳ እናቷን እንደዚያ ፊቷ ፈክቶ ያየቻት እዚያ ዛፍ ሥር ብቻ ነው።

አሁን ከፊታቸው ብቅ ያለው ነጭ የአሸዋ ጀርባ ነበር። ምንም የለበትም። ከአንደኛው ጫፍ ጥቂት ነጫጭ ወፎች ቆመዋል፤ ከሌላው ጫፍ ጎብኚዎች ያመጣ ጀልባ ሊመለስ ሞተሩን እያስነሳ ነው። ምዊንጁማ መልሕቁን ጣለና በደህናው እጁ ሁለቱን ሴቶች አወረዳቸው።

ሳውዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተራመደች። አሸዋው ንጹሕ ነው፤ በዓይን ሊታይ እስኪያስቸግር ያንጸባርቃል። ውሃው እንደ ጠርሙስ የጠራ ነው። የሚያምር ቦታ ነበር፤ ጎብኚዎቹ ፎቶ ያነሱበት ያለ ምክንያት አልነበረም። እሷ ግን የምትፈልገውን አጥታ የከበረ ሰው ቤት እንደገባ እንግዳ የት እንደምትቀመጥ ግራ ገባት። ተመልሳ መጥታ ሂዳያ አጠገብ አሸዋው ላይ ዘጭ አለች።

«እናቴ የምትቀመጥበት የቱ ጋ ነበር?» አለች።

ምዊንጁማ ጊዜ አልወሰደም። ከአሸዋው ውጪ፣ ውሃው ከአረንጓዴ ወደ ሰማያዊ ወደሚለወጥበት ቦታ እጁን ዘረጋ። «እዚያ። ደሴቲቱ ቦታዋን ቀይራለች። ባሕሩ በዚያ በኩል እየበላ በዚህ በኩል ይተፋል።»

ሳውዳ ያሳያትን ውሃ አየችው። አንድ ወፍ ተንሳፎበታል።

ፒላውን በሉ። ምዊንጁማ እሸት ኮኮናት በገጀራ ቀርድዶ አጠጣቸው። ሂዳያ ስለ ጎረቤታቸው ሠርግ፣ ሙሽራው ስለተበደረው ኮት አንስታ ስታስቃቸው ቆየች። ከዚያ ወሬው አለቀና ነፋሱ ብቻ ቀረ፤ የሚያልፍበት ዛፍ የሌለው ነፋስ ደግሞ ድምፅ የለውም።

«ዝም ብለን አላየነውም እኮ» አለ ምዊንጁማ ድንገት፣ አሸዋውን በጣቱ እየጫረ። «ዛፎቹ ካለቁ በኋላ ችግኝ አምጥተን ተክለን ነበር። እኔና ሁለት ሦስት ዓሣ አጥማጆች። ውሃ በጀሪካን እየጫንን እናጠጣ ነበር። አስቢው፣ በዚህ ሁሉ ባሕር መሃል ውሃ ተሸክሞ መምጣት!»

«አልነገርከኝም።»

«ምኑን ልንገርሽ? ጉልበቴ ላይ ደርሰው ነበር። አንድ ሌሊት ማዕበል መጣና ጠራርጎ ወሰዳቸው። እንደገና ተከልን። እንደገና ወሰደ።»

«ሦስተኛውን እኔ ነኝ የከለከልኩት» አለች ሂዳያ። «የቤቴ ጣሪያ ያፈሳል፤ እሱ ለዓሣ ጥላ ይሠራል!»

«ምን አስበህ ነው ግን?» አለች ሳውዳ።

«አንድ ቀን ትመጪያለሽ ብዬ ነዋ።»

በቀልድ ድምፅ ነው ያለው፤ ግን የሳቀ አልነበረም። ሂዳያ «እዩት እዚሁ ፊቴ!» ብላ አሸዋ ዘግና ጀርባው ላይ በተነችበት። ያኔ ሦስቱም ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ምዊንጁማ ቀና ሳይል «እናቴ ስትሞት እናትሽ ናት ያጎረሰችኝ» አለ። «ሌላ የማደርግላት ነገር አልነበረኝም። የምትወደው ጥላ እንዲቀር ፈልጌ ነበር።»

ሳውዳ እጇን ሰዳ በማይታዘዘው ትከሻው ላይ አሳረፈችው። ለስንት ዓመት ፓንጋኒን ስታስብ፣ እሷ ትታው የሄደችውን የሚጠብቅ ሰው ያለ አይመስላትም ነበር። እሷ ክፍል ውስጥ የሌላ ሰው ልጆች ስታስተምር፣ እዚህ አንድ ሰው ለእናቷ ብሎ በባሕር መሃል ችግኝ ሲያጠጣ ኖሯል። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ አልጠረገችውም።

እንዲህ ሆነው ምን ያህል እንደቆዩ አላወቁም። ሂዳያ ድስቱን ልታጥብ ተነስታ ወደ ውሃው ሁለት እርምጃ ሄደችና ቆመች።

«ምዊንጁማ» አለች፤ ድምፅዋ ቀጥኖ። «ጀልባዋ ድሮም እዚያ ነበረች?»

ሁለቱ ዘወር አሉ። ባሕሩ ሳያስታውቅ መመለስ ጀምሯል። የሰፋው አሸዋ ግማሹ የለም። ምዊንጁማ ሴቶቹንና ድስቱን ቶሎ ላውርድ ሲል የመልሕቁን ገመድ አሳጥሮ ነው የጣለው፤ ውሃው ሲሞላ ጀልባዋ መልሕቁን ነቅላ ቀስ እያለች እየሄደች ነው። ስልኮቻቸውም እሷው ላይ ናቸው። የጎብኚዎቹ ጀልባ ከዓይን ጠፍቷል።

«ኧረ ጉዴ!» አለ ምዊንጁማ፤ ሸሚዙን እያወለቀ ወደ ውሃው ሮጠ። ደረቱ ድረስ ገብቶ ሊዋኝ ሲል ትከሻው ከዳው። አንድ ጊዜ ቀዘፈ፣ ሁለተኛውን አቃሰተና ውሃ ጠጣ። ሳውዳ ተከትላው ገብታ ጎትታ አስቆመችው።

«ተመለስ!»

«ከሕፃንነቴ ጀምሮ ጀልባ ጠፍቶኝ አያውቅም…»

«ተመለስ አልኩህ! ሂዳያን ያዛት። እኔ እሄዳለሁ።»

«አንቺ? ከስንት ዘመን በኋላ?»

ሳውዳ ሻሿን ፈትታ ለሂዳያ ወረወረች፤ የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ ወገቧ ላይ ቋጠረችው። ከሥሩ ሱሪ በመልበሷ ፈጣሪን አመሰገነች። «ቢስሚላህ» አለችና ውሃው ላይ ተኛች።

መጀመሪያ ሰውነቷ ረስቶ ነበር። እግሯ ከበደ፣ ጨው አፍንጫዋ ገባ፣ ልቧ ጆሮዋ ውስጥ ደበደበ። ልሰጥም ነው አለች፤ የዒድ ማግስት፣ በጡረታ ዘመኔ፣ ሰው ሊስቅብኝ ነው አለች። ከዚያ መፍጨርጨሯን ተወችና ዘርጋ አለች። ውሃው ተቀበላት። ክንዷ ወጣ፣ ገባ፣ ወጣ። በዚህ ውሃ ከምዊንጁማና ከወንዶቹ ሁሉ ቀድማ ወደ ጀልባ የምትደርሰው እሷ ነበረች፤ ከፍ ካለች በኋላ ግን ነውር ነው ተብላ ቀረች። ሲደክማት በጀርባዋ ተንጋላ ሰማዩን እያየች ተነፈሰች፤ ውሃው ራሱ ጀልባዋን ወደሚወስድበት አቅጣጫ እሷንም ይወስዳታልና አልቸኮለችም። ከኋላዋ የሂዳያ ድምፅ ይሰማል፤ ግማሹ ጸሎት፣ ግማሹ ለባሏ የተላከ ስድብ ነው።

የገመዱን ጫፍ ያዘች። በጀልባዋ ክንፍ ላይ በሆዷ ተንጠላጥላ፣ ጉልበቷን ልጣ፣ እንደ ትልቅ ዓሣ ዱብ ብላ ውስጥ ወደቀች። ሞተሩን ማስነሳት አታውቅም። ከወለሉ ላይ ግን ረጅም የመግፊያ እንጨት ተጋድሟል፤ ውሃውም ገና ታች መሬቱ የሚነካ ነው። ቆመች። አባቷ ወንዙ አፍ ላይ ሲያደርግ እንዳየችው እንጨቱን ወደ ታች ተክላ፣ በሙሉ ክብደቷ ተደግፋ ገፋች። ጀልባዋ እንቢ አለች፤ ዞረች፤ ከዚያ እሺ አለች።

ቀና ስትል ማዚዌ የለችም። በሰፊው ባሕር መሃል ምዊንጁማ ወገቡ ላይ፣ ሂዳያ ደረቷ ላይ በሚደርስ ውሃ ቆመዋል። ሂዳያ በአንድ እጇ የባሏን አንገት አንቃ፣ በሌላው ድስቱን ጭንቅላቷ ላይ ይዛለች።

«ድስቱን ልቀቂው!» ይላል ምዊንጁማ።

«አንተን እለቃለሁ እንጂ ድስቴን አልለቅም!»

ሳውዳ ሳቋ መጣ፤ እየሳቀች ገፋች፤ እየሳቀች ደረሰች። ሂዳያን ከላይ እሷ እየሳበች፣ ከታች ምዊንጁማ እየገፋ አወጧት። ጀልባዋ ውስጥ ሦስቱም ተዘርረው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«ሳውዳ» አለ በመጨረሻ ምዊንጁማ፣ ትከሻውን እያሸ። «ይህን ነገር ከተማ ውስጥ ማንም እንዳይሰማ፣ በአላህ ይሁንብሽ።»

«እኔ አልናገርም።»

«አንቺ ሂዳያ?»

«እኔ?» አለች ሂዳያ፤ የራሰውን ቀሚሷን እየጨመቀች። «እኔማ ጀልባው እስኪቆም ብቻ ነው የምጠብቀው።»

ቃሏን ጠበቀች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ፓንጋኒ ሰምታለች። ማታ የተጠበሰ ሥጋና ካሳቫ የሚሸጥበት ወንዝ ዳር ሲወጡ፣ በሂዳያ አፍ ውሃው አንገት ላይ ደርሶ፣ ሻርክም ብቅ ብሎ ነበር። ዓሣ አጥማጆቹ ምዊንጁማን ሽማግሌ በሚጠራበት ስም «ምዜ፣ መልሕቅ እናበድርህ?» ይሉታል። ሳውዳን ደግሞ «ካፒቴን» እያሉ ተነስተው ቦታ ይሰጧታል። አንዲት በምርኩዝ የምትሄድ አሮጊት ቀርባ የሳውዳን ፊት በሁለት እጇ ያዘችው።

«የሼኩዌ ልጅ ነሽ» አለች። «የዚያች የኮሮግዌዋ። ጠዋት ስታልፊ አይቼሽ ነበር፤ ዓይኔ እንጂ ልቤ አላወቀሽም። እናትሽ ለእኔ ልጆች ተረት ትነግር ነበር። ነይ እስቲ ቁጭ በይ።»

ሳውዳ አጠገቧ ተቀመጠች። አሮጊቷ እናቷ ስለነገረቻቸው ተረቶች፣ ስለ አባቷ ክፉ ድምፅ፣ አንድ ዒድ ላይ ስለጠፋው ዶሮ አወራቻት። ከነዚህ ውስጥ ሳውዳ የማታውቀው ብዙ ነበር።  ቤት ሲመለሱ ዳሬሰላም ላለችው ልጇ ደውላ እንዳሰበችው ቅዳሜ እንደማትመለስ፣ ወሩን እዚሁ እንደምትቆይ ነገረቻት።

«ምን ትሠሪያለሽ እማዬ እዚያ?»

«ምንም» አለች ሳውዳ። «ምንም አልሠራም።»

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ በሯ ተንኳኳ። ሂዳያ ናት፤ የምዊንጁማን አሮጌ ሱሪ ከቀሚሷ ሥር ታጥቃ፣ ፀጉሯን ጠፍራ ቆማለች።

«ተነሺ» አለች በሹክሹክታ። «ሰው ሳይወጣ አስተምሪኝ። ሁለተኛ በዚያ ሰውዬ አንገት ላይ አልንጠለጠልም።»

ሁለቱ ሴቶች ፎጣቸውን ይዘው፣ ምዊንጁማ እንዳይነቃ በጣታቸው እየረገጡ ወጡ። ባሕሩ ሞልቶ ለብ ብሎ ይጠብቃቸው ነበር። ሂዳያ ቁርጭምጭሚቷን ነክታ ጮኸች፤ ጉልበቷን ነክታ ፈጣሪዋን ጠራች፤ ወገቧ ሲደርስ ሳውዳን ሙጭጭ አድርጋ ያዘች።

«እንዳትለቂኝ!»

«አለሁ» አለች ሳውዳ። «አሁን እግርሽን አንሺ።»